ከቀረጻ ጋር የለመደ ድራመር ከባንድ ጋር ሲቀመጥ፦ የ19 ቀን ዝግጅት የጉዳይ ጥናት

## የጉዳዩ መነሻ

ባንዱ አዲስ አበባ ውስጥ በሰርግና በመልስ ፕሮግራሞች ላይ የሚሠራ፣ ስድስት ሰው ያለው ነው፦ ቤዝ፣ ሊድ ጊታር፣ ኪቦርድ፣ ሳክስፎን፣ ድራምና አንዲት ድምፃዊት። ነባሩ ድራመር ከገና በፊት የዱባይ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ለጥር አጋማሽ ማለፊያ የተያዘ የመልስ ፕሮግራም ስለነበር ምትክ ለማግኘት የቀራቸው 19 ቀን ብቻ ነበር። በጥር ደግሞ ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ድራመር ማግኘት ዘበት ነው።

የተገኘው ቀን ቀን ቢሮ የሚሠራ፣ ማታ ማታ ቤቱ በኤሌክትሪክ ድራም ሁለት ዓመት የተለማመደ ወጣት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ከስልኩ ዘፈን እየከፈተ አብሮ ይመታል። አርባ ያህል ዘፈን ከመግቢያ እስከ መዝጊያ ያውቃል፤ እጁም ንጹሕ ነው። ከሰው ጋር ግን አንድም ቀን ተጫውቶ አያውቅም።

የፕሮግራሙ ዝርዝር 14 ዘፈን ነበር፦ አምስት የችክችካ፣ ሦስት የጉራጊኛ፣ ሁለት የትግርኛ፣ ሁለት የኦሮምኛ፣ አንድ የሬጌ ምት ያለውና አንድ ዝግ ያለ ትዝታ። በ19ኙ ቀን ውስጥ አምስት የባንድ ልምምድ ታቀደ፤ እያንዳንዱ ሁለት ሰዓት ተኩል። ከጥር 10 እስከ 12 ከተራ፣ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ስለሆነ ለዚያ ሦስት ቀን ማንም አይገኝም።

## የመጀመሪያው ልምምድ

መጀመሪያ ሲታይ ያስቸገረ ነገር አልነበረም። መግቢያውን በትክክል ገባ፣ ሮሎቹን (ከአንዱ የዘፈን ክፍል ወደ ሌላው መሻገሪያ ላይ በተከታታይ የሚመቱትን ምቶች) ቀረጻው ላይ ባሉበት ቦታ አስቀመጣቸው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ድምፃዊቷ ቃላቱን መጨረስ አቃታት። የባንዱ መሪ «ፈርቶ ነው፣ ይረጋጋል» አለ፤ ሊድ ጊታሩ ደግሞ ልጁ ጠንከር ብሎ ባለመምታቱ ነው ባይ ነበር። ሁለቱም ግምት ስህተት ሆኖ ተገኘ።

ልምምዱ በስልክ ተቀርጾ ስለነበር ማታ ተለካ። አለካኩ ቀላል ነው፦ ዘፈኑ ሲጀምር፣ ከሁለተኛው አዝማች በኋላና ሊያልቅ ሲል ለ30 ሰከንድ ትልልቁን ምት ቆጥሮ በሁለት ማባዛት። (በ15 ሰከንድ ቆጥሮ በአራት ማባዛትም ይቻላል፤ አንድ ምት ሲሳሳቱ ግን ውጤቱ በአራት ይዛባል።) አንዱ የችክችካ ዘፈን በደቂቃ 116 ጀምሮ 130 ላይ አለቀ። ትዝታው ከ64 ተነስቶ 70 ደረሰ። የሬጌው ግን 76 ጀምሮ 78 ላይ ቆመ፤ ከቦታው አልተነቃነቀም ማለት ይቻላል።

ቁልፉ የሬጌው ነው። የፈራ ሰው በሁሉም ዘፈን ላይ ይሮጣል። እሱ የሬጌውን ያልሮጠው ሮል የሌለበት ዘፈን ስለሆነ ነበር። ቅጂው እንደገና ሲሰማ ፍጥነቱ የጨመረው ከእያንዳንዱ ሮል በኋላ ነው፦ ሮሉን ቀድሞ ይጨርሳል፣ ክራሹን (ጮክ የሚለውን ሲምባል፣ የብረት ሳህኑን) ቀድሞ ይመታል፣ ከዚያ አዲሱን ፍጥነት ይዞ ይቀጥላል። በችክችካው ዘፈን ውስጥ ዘጠኝ ሮል ነበር፤ እያንዳንዱ አንድ ወይም ሁለት ምት ጨመረ።

ቤቱ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ያልሰማው ቀረጻው ስለማይሮጥ ነው። ከቀረጻ ጋር የሚመታ ሰው ሮሉን ቀድሞ ቢጨርስ በሚቀጥለው ባር (የምት ዙር) ዘፈኑ ይመልሰዋል፤ መመለሱንም ልብ አይለውም። ባንድ ውስጥ ግን የሚመልሰው የለም። ድራሙ ከሮጠ ቤዙ አብሮ ይሮጣል፣ ኪቦርዱም ይከተላል፣ ድምፃዊቷ ትንፋሽ ያጥራታል። ልጁ በሁለት ዓመት የተማረው ጎበዝ ተከታይ መሆንን ነው፤ አምስቱ ሰዎች ደግሞ እሱን ሊከተሉ ተሰልፈዋል።

## ያልሠራው የመጀመሪያ መፍትሔ

ሁለተኛው ልምምድ ላይ ሜትሮኖም (ፍጥነት ጠብቆ ምት የሚያሰማ መሣሪያ) በጆሮው ገባለት፤ ዘፈኑ ከመነሻ እስከ መድረሻ በክሊክ፣ ማለትም በሜትሮኖሙ ድምፅ፣ ይሂድ ተባለ። አንድ ሙሉ ልምምድ በላ። ክሊኩን የሚሰማው እሱ ብቻ ነበር። ድምፃዊቷ መዝጊያ ስንኞችን መሳብ ትወዳለች፤ እሷ ስትስብ ባንዱ ይጠብቃታል፣ እሱ ከክሊኩ ጋር ይሄዳል። ሁለት ዘፈን መሃል ላይ ተቋረጠ። ደግሞም መድኃኒቱ ያው በሽታው ነው፦ አሁንም የሚከተለው ነገር ተሰጠው እንጂ መምራትን አልተማረም። ክሊክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁሉም በጆሮው እየሰማው ለሚለማመድ ባንድ ጥሩ ነው፤ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሰጥ ግን ባንዱን ለሁለት ይከፍላል።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

ዝርዝሩ ተቀነሰ። ከ14ቱ ሁለቱ ወጡ። ሁለቱን የትግርኛና አንዱን የኦሮምኛ ኪቦርዱ በራሱ ሪትም እንዲይዛቸው ተደረገ። በተለይ የትግርኛው በአምስት የሚቆጠር አካሄድ አለው፤ ልጁ ሳያውቀው አንድ ምት ጨምሮ ወደ ስድስት ያስተካክለው ነበር። ይህ በጥቂት ቀን የሚበስል ነገር አይደለም። ቀረጻው ላይ በልክ የሄደ ቢመስለው እንኳ ጨፋሪው እግሩ ሲሰናከል ይታወቃል። የቀሩት ዘጠኝ ዘፈኖች የሱ ሆኑ።

እነዚያን ሦስት ዘፈኖች መጀመሪያ ከኪቦርዱ ሪትም ላይ ደርቦ እንዲመታ ተሞክሮ ነበር። አልሆነም። የራሱ ድራም ድምፅ የማሽኑን ይሸፍንበታል፤ ካልሰማው ደግሞ ይለየዋል፣ ማሽኑም አይጠብቀውም። በመጨረሻ አዝማች ሲገባ ብቻ ክራሽ እየመታ እጁን እንዲያሳርፍ ተወሰነ። ሦስት ዘፈን አለመምታት ለጀማሪ ውርደት መስሎት ከፍቶት ነበር፤ የፕሮግራሙ ዕለት ግን ክንዱን ያዳነለት ይኸው ነው።

የችክችካው ምት ተራቆተ። ልጁ ዘፈኖቹን የተማረው በኪቦርድና በኮምፒዩተር ከተቀናበሩ ቀረጻዎች ነው። እነዚያ ላይ ከድራሙ ሌላ የከበሮ ድምፅ፣ ጭብጨባና ጸናጽል መሰል ነገር ተደራርቦ ይሰማል። እሱ የሰማውን ሁሉ በሁለት እጅና በሁለት እግር ለመምታት ይሞክራል፤ ለዚህ ነው በቶሙና በስኔሩ መሃል ሲራወጥ ሃይሃቱ (በእግር የሚከፈትና የሚዘጋው ጥንድ ሲምባል) የሚቋረጠው። ከባንዱ ጋር የተስማሙበት አጥንት ይህ ነው፦ ሁለቱ ትልልቅ ምቶች ለሦስት ለሦስት ሲከፈሉ በሚገኙት ስድስት ንዑስ ምቶች ውስጥ ኪክ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) 1ኛውና 4ኛው ላይ፣ ስኔር ቀለል ብሎ 3ኛውና 6ኛው ላይ፣ ሃይሃት ሳይቋረጥ። የከበሮውን ድምፅ ኪቦርዱ ወሰደው። ጭብጨባውን እድምተኛው ራሱ ያመጣዋል።

ሮል በኮታ ሆነ። በአንድ ዘፈን ሁለት ብቻ፤ አንዱ ወደ መጀመሪያው አዝማች ሲገባ፣ አንዱ ወደ መዝጊያው። በሌላው ቦታ ሃይሃቱን ከፈት አድርጎ መዝጋት በቂ ነው ተባለ። ሁለቱም ሮሎች የባሩን ግማሽ እንጂ ሙሉውን እንዳይወስዱ፣ ሲመታቸውም በአፉ ድምፅ አውጥቶ እንዲቆጥር ተደረገ። እየቆጠረ ሊመታው የማይችለው ሮል አልተፈቀደለትም። ይህች አንዷ ደንብ ከሌላው ሁሉ በላይ የሠራች ትመስለናለች።

ክሊኩ ቤት ቀረ። በየቀኑ 25 ደቂቃ፣ በልምምድ ፓድ ላይ፣ አራት ባር ክሊክ እየተሰማ፣ አራት ባር ዝም እንዲል ተደርጎ። ዝም ካለ በኋላ ክሊኩ ሲመለስ ከእጁ ጋር ካልገጠመ የሮጠው ወይም የዘገየው እዚያ ዝምታ ውስጥ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አራት ባር እንኳ መያዝ አቃተው፤ ወደ ሁለት ባር ዝቅ ብሎ ጀመረ። በ12ኛው ቀን ስምንት ባር ዝምታ ይዞ ይመለስ ነበር። ይህ ልምምድ መልመጃ የሚያደርገው ክሊኩን መስማትን ሳይሆን የክሊኩን አለመኖር ነው።

ከቤዝ ጋር ብቻ ሁለት ጊዜ ተቀመጡ። ሌላ ሰው የለም፣ ዘፈን የለም፤ ኪክና ቤዝ ብቻ፣ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ለእያንዳንዱ ዘፈን አምስት ደቂቃ። ቤዝ ተጫዋቹ የመጀመሪያው ቀን ላይ ልጁ እሱን እያየ የሚጠብቅ መሆኑን አይቶ «አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁ» አለው። ሁለቱ እርስ በርስ ሲጠባበቁ ዘፈኑ ይጎተታልና። ሁለተኛው ቀን ላይ ፊታቸውን አዙረው፣ ሳይተያዩ ተጫወቱ።

አቆጣጠሩ ተስተካከለ። አንድ የችክችካ ዘፈን ላይ ስድስቱን ንዑስ ምት አንድ በአንድ ቆጥሮ አስጀመረ፤ ግማሹ ባንድ እያንዳንዱን እንደ ትልቅ ምት ወስዶ በሌላ ፍጥነት ገባ። ከዚያ በኋላ ትልልቁን ብቻ «አንድ፣ ሁለት፣ አንድ፣ ሁለት» እያለ በስቲክ እንዲያስጀምር ሆነ። ከመቁጠሩ በፊት አዝማቹን በልቡ አንድ ጊዜ ያንጎራጉራል፤ ፍጥነቱ የሚገኘው ከመግቢያው ሳይሆን ድምፃዊቷ ቃል ከምትጨርስበት ቦታ ነው። ለዋስትና የዘጠኙ ዘፈኖች የፍጥነት ቁጥሮች በካርቶን ላይ ተጽፈው ፍሎር ቶሙ አጠገብ ተለጠፉ፤ በየዘፈኑ መሃል የስልኩን ሜትሮኖም በብርሃን ብቻ፣ ያለ ድምፅ፣ ያያል።

ለየዘፈኑ ደግሞ አንድ አንድ ገጽ ካርታ ተሠራ፦ መግቢያ ስምንት ባር፣ ቤት 16፣ አዝማች ስምንት፣ ሳክስፎን 16 እያለ። ኖታ የለበትም፤ ልጁ አያነብም፣ አላስፈለገምም።

## የድምፅ መጠን

ኤሌክትሪክ ድራም ላይ የለመደ ሰው ድምፁን የሚቀንሰው በቁልፍ ነው። እውነተኛው ድራም ላይ የሚቀንሰው እጁ ብቻ ነው፤ ይህን የሚያውቅ እጅ አልነበረውም። የልምምዱ ክፍል አምስት በአራት ሜትር፣ ወለሉም ግድግዳውም ጠንካራ ነው። ሊድ ጊታሩ ድራሙን ለመስማት ሳይሆን ራሱን ለመስማት አምፑን (የጊታሩን ድምፅ ማጉያ) ይጨምራል፣ ልጁ ደግሞ ይበልጥ ይመታል።

የተሞከሩት አራት ነገሮች ናቸው። ስቲኩ ከ5ቢ ወደ 7ኤ ወረደ፤ ውፍረቱ ከ15 ሚሊሜትር ወደ 14 አካባቢ ቢወርድ ነው፣ ልዩነቱ ግን ይሰማል። የዘፈኑ ስንኞች በሚዘፈኑበት ክፍል ስኔሩ በጠርዝ ምት ሆነ፣ ማለትም ስቲኩ ቆዳው ላይ ተጋድሞ ጠርዙን ብቻ ይመታል። ኪኩ ውስጥ የታጠፈ ብርድ ልብስ ገባ። እነዚህ ሦስቱ ሠሩ። ስኔሩ ላይ ፎጣ መጣሉ ግን አልሠራም፤ ድምፁን ሲቀንስ ስቲኩ የሚነጥርበትንም ገደለው፣ ልጁም ያንን ለማካካስ በኃይል መታ። ፎጣው ተነስቶ አምስት ሳንቲሜትር የሚሆን የታጠፈ ፕላስተር ጠርዙ አጠገብ ተለጠፈበት።

መለኪያው አንድ ነበር፦ እየመታህ የድምፃዊቷን ቃል ካልለየህ ጮኸሃል።

## ወደ አዳራሹ የተወሰደው

ድራሙን የሚያመጡት ሳውንድ ሲስተም አከራዮቹ ናቸው። ባለ 22 ኢንች ኪክ፣ ሁለት ቶም፣ አንድ ፍሎር ቶም ነው ከማለት ሌላ የሚታወቅ ነገር አልነበረም። ልጁ ይዞ የሄደው የራሱን የኪክ ፔዳል፣ ሦስት ጥንድ ስቲክ፣ የድራም ቁልፍ፣ ትርፍ የሃይሃት ክላች (የላይኛውን ሲምባል ዘንጉ ላይ የሚይዘው)፣ ፕላስተርና ሁለት ሜትር በአንድ ተኩል የሆነ ምንጣፍ ነው። ምንጣፉ ቅንጦት አይደለም፤ ሴራሚክ ወለል ላይ ኪኩ በየምቱ ወደፊት ይንሸራተታል፣ በሦስተኛው ዘፈን ፔዳሉን በእግር ጣት መፈለግ ይመጣል። በአንደኛው ስቲክ ላይ ደግሞ የቤቱን ወንበር ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጎበት ነበር፤ ወንበሩን በዚያ ለክቶ በአንድ ደቂቃ አስተካከለው። ከአከራዮቹ ድራም ላይ የአንዱ ሲምባል ፌልት (ሲምባሉን ከብረት ማቆሚያው የሚለየው ወፍራም ጨርቅ) ጠፍቶ ተገኘ። የታጠፈ ጨርቅ ተተካበት፤ ብረት ከብረት ከተገናኘ ሲምባሉ ይሰነጠቃል።

ለሳውንድ ቼክ (ከፕሮግራሙ በፊት ለሚደረገው የድምፅ ሙከራ) የተገኘው 20 ደቂቃ ነው። ከዝርዝሩ ጮክ የሚለው ዘፈን አዝማችና ዝግ የሚለው ትዝታ አንድ ቤት ብቻ ተሞከሩ። ሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቹ የዞረው ስፒከር) ላይ ቤዝና የድምፃዊቷ ድምፅ ብቻ እንዲሰጠው ጠየቀ፤ የራሱን ድራም እንደሆነ ያለ ሞኒተርም ይሰማል። መድረኩ ላይ የቤዝ አምፑ በሌላኛው ጫፍ፣ ስድስት ሜትር ርቆ ተቀምጦ ነበር። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ ከስድስት ሜትር ለመድረስ 17 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። ብዙ ባይሆንም የሚጎትት ስሜት ይፈጥራል። አምፑና ተጫዋቹ ወደ ሃይሃቱ ጎን መጡ።

## የፕሮግራሙ ዕለት

የመጀመሪያዎቹ አራት ዘፈኖች በቅጂው ላይ ሲለኩ ከሁለት ምት በላይ አልጨመሩም። አምስተኛው ላይ ዘመድ አዝማዱ ወደ መድረኩ ቀርቦ ማጨብጨብ ጀመረ። ጭብጨባው ከአሥር ሜትር ሲመጣ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፤ ሰዉ ራሱ የሚያጨበጭበው የሰማውን ተከትሎ ስለሆነ ደግሞ ከዚያም ይብሳል። ልጁ ጆሮውን ለጭብጨባው ሲሰጥ ዘፈኑ ከ118 ወደ 112 ወረደ። በሁለት ዓመት የተማረው የመከተል አመል እዚህ ተመለሰ ማለት ነው፣ በዚህ ጊዜ ግን ወደ ኋላ። ቤዝ ተጫዋቹ መጥቶ ፊቱ ቆመ፤ ተያዘ።

ጉራጊኛው በልምምድ አራት ደቂቃ ነበር። ሙሽሮቹ ሲገቡበት 11 ደቂቃ ሆነ። ሰባተኛው ደቂቃ አካባቢ የልጁ ክንድ ደረቀ፣ ስቲኩን አጥብቆ ስለያዘ። በመሃል መቆም አይቻልም። የሃይሃቱን ምት በግማሽ ቀንሶ የኪኩን ምት ሳይለውጥ ቀጠለ፤ ከጨፋሪው መካከል ያስተዋለ አልነበረም። ይህን ማንም አላስተማረውም፤ ቀድሞ መታሰብ የነበረበት ግን ነው። ለየፈጣኑ ዘፈን ሁለት ዓይነት አመታት ይዘጋጃል፤ አንዱ ትኩስ ላለ ክንድ፣ አንዱ ለደከመ።

መዝጊያ ላይ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። የተስማሙበት ምልክት ድምፃዊቷ ቡጢዋን ከፍ ማድረጓ ነበር። እሷ ግን ወደ ሙሽሮቹ ዞራ፣ ማይክራፎን በአንድ እጇ፣ ሌላውን እጇን ሙሽራዋ ይዛት ነበር። ከዚያ በኋላ ምልክቱን ኪቦርዱ ከእሷ ተቀብሎ ለድራሙ በአገጩ እንዲያስተላልፍ ሆነ፤ የዕለቱ ቀሪ መዝጊያዎች ጥርት ብለው አለቁ።

ሌላ ያልሠራው የጆሮ ስፖንጅ ነው። ቀጭኑን ድምፅ አፍኖ ወፍራሙን ስለሚያሳልፍ የድምፃዊቷን ቃል አሳጣው፤ ሁለተኛው ዘፈን ላይ አውጥቶ ጣለው። ይህ በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ለሥራ ቦታ የሚመከረው ልክ 85 ዴሲቤል ለስምንት ሰዓት ነው፤ በየሦስት ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ እየቀነሰ 100 ዴሲቤል ላይ 15 ደቂቃ ይደርሳል። ለሙዚቀኛ የሚሠራው መከላከያ ሁሉንም ድምፅ እኩል ስለሚቀንስ ቃል አያጠፋም። እሱም ቢሆን ግን በልምምድ ይለመዳል እንጂ ለመጀመሪያ ጊዜ መድረክ ላይ አይሞከርም።

## ሌላ ባንድ ቢገጥመው

ጉዳዩን እንደገና ብናየው የሚለወጠው ቅደም ተከተሉ ነው። ሁለተኛውን ልምምድ ለክሊክ ከማዋል ይልቅ በመጀመሪያው ቀን ከቤዝ ጋር ማስቀመጥ፣ ዝርዝሩን የመጀመሪያው ልምምድ ሳይጀመር መቀነስ። የስልክ ቅጂውን ልምምዱ ባለቀበት ማታ መለካት ግን እንዳለ ይቀጥላል፤ ያለዚያ ስድስቱም ሰው «ፈርቶ ነው» እያለ አምስቱን ልምምድ ይጨርስ ነበር።

ብቻውን ለሚለማመድ ሰው ደግሞ የሚሆነው ይህ ነው፦ ከምታውቀው ዘፈን ጋር እየመታህ የስልኩን ድምፅ ለ20 ሰከንድ ዝጋው፣ መምታትህን ሳታቋርጥ መልሰህ ክፈተው። ከዘፈኑ ጋር ከገጠምክ ወደ 30 ሰከንድ አሳድገው። ካልገጠምክ የት ላይ እንደተለየህ ለማወቅ ሌላ ስልክ አጠገብህ አስቀምጠህ ቅረጸው። ምናልባት ሮል ላይ ነው።